የወለላ ግራ ጆሮ

የዛሬ እናቶችና አባቶች ገና የወተት ጥርሳቸውን በሚነቅሉበት ዘመን፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ወለላ የምትባል ልጅ ነበረች።

ደብረ ብርሃን ብርድ አለ። ጠዋት ጠዋት ሰው ሲናገር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል።

ወለላ የምትኖረው ከእናቷ፣ ከአባቷና ከታላቅ ወንድሟ ከሙላት ጋር ነበር። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሙላት ደግሞ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ።

በየጠዋቱ ሙላት ደብተሩን ይዞ እልም ይላል። ወለላ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች፤ ከዚያ ከእናቷ ጋር ትቀራለች።

ከእናቷ ጋር መቅረት ክፉ አልነበረም። አብረው ድንች ይልጣሉ፣ አብረው ምስር ይለቅማሉ፣ ከምሳ በኋላም አብረው ትንሽ ያንቀላፋሉ።

ወለላ ግን ትምህርት ቤት መግባት ፈለገች። በጣም፣ በጣም ፈለገች።

ፋሲካ አልፎ የበልግ ዝናብ ሲዘንብ፣ አንድ ቀን ሙላትን ከኋላ ከኋላው ተከትላ ሄደች። የትምህርት ቤቱን ቢሮ በር አንኳኳች። ኳ! ኳ! ኳ!

ውስጥ ጋሽ ሽብሩ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሽብሩ ተማሪ የሚመዘግቡት ሰው ናቸው፤ መነጽራቸው ሁልጊዜ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው።

ወለላ መማር እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ስንት ዓመትሽ ነው ብለው ጠየቋት። ወለላ ጣቶቿን አየች፤ ጣቶቿም አያውቁም።

ያኔ ብዙ ልጆች የልደት ወረቀት አልነበራቸውም። ታዲያ ዕድሜያቸው በምን ይታወቃል? በጆሯቸው ነዋ።

«ቀኝ እጅሽን በራስሽ ላይ አሳልፊና ግራ ጆሮሽን ንኪ» አሏት ጋሽ ሽብሩ። «ከነካሽ ለትምህርት ደርሰሻል ማለት ነው።»

ወለላ እጇን አነሣች። «እጄ ውጣ፣ እጄ ውረድ፣ ጆሮዬን ንካ» አለች።

እጇ ወጣ። እጇ ወረደ። ግን ትንሽ ቀረ።

አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ ልትነካ ስትል ጋሽ ሽብሩ ሳቁ። አንገት ማጣመም አይቆጠርም አሏት። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል መዝገቡ ይከፈታልና፣ ያን ጊዜ ከእናትሽ ጋር ነይ አሏት። ያን ጊዜም ካልነካች ለከርሞ ነው።

ከርሞ ለትንሽ ልጅ በጣም ሩቅ ነው። ወለላ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ተመለሰች።

አባቷ ሲሰማ እቅፍ አደረጋት። እሱም ልጅ ሆኖ ሁለት ጊዜ እንዲህ እንደ ተመለሰ፣ እንደዚያም ሆኖ ይኸው ሰው እንደ ሆነ ነገራት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቷ ከሥራ ሲገባ ሁልጊዜ «ዛሬስ ጆሮሽ ተገኘ?» እያለ ይጠይቃታል።

ወለላም ትሞክራለች። «እጄ ውጣ፣ እጄ ውረድ፣ ጆሮዬን ንካ።» ግን ትንሽ ይቀራል።

ግንቦት መጣ። ወለላ ክንዷን የምታስረዝምበት ዘዴ ፈለገች።

ከቤታቸው ጓሮ አንድ የወይራ ዛፍ አለ። ወለላ ከቅርንጫፉ ላይ ተንጠለጠለች፤ እግሯን እያወዛወዘች እስከ ሃያ ቆጠረች። ከሃያ በኋላ ያለውን ስለማታውቀው እንደገና ከአንድ ጀመረች።

ዷ! በቂጧ ወደቀች። ተነሥታ ለካችው፤ ክንዷ ያው ነው።

ከዚያ ሙላትን ጎትተኝ አለችው። ሙላትም ታዛዥ ወንድም ነውና ጎተታት። እሷ ጮኸች፣ እሱ ደነገጠ፣ እናታቸውም እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሮጣ መጣች።

«ክንድ ገመድ ነው እንዴ የምትጎትቱት?» አለች እናታቸው። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ወለላ ይህን ሰምታ ቀጥ ብላ ጓሮ ወዳለችው ዶሮ ጎጆ ሄደች። ቁጭ ብላ ዕንቁላሎቹን ስታይ ዋለች። አንዱም አልሄደም።

ሰኔ መጣ፤ ትምህርት ቤትም ተዘጋ። አባቷ አጥሩ ሥር ባቄላ ዘራ።

ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ወረደ። ጣ! ጣ! ጣ! ባቄላውም በቀለ። መጀመሪያ የወለላን ቁርጭምጭሚት አከለ። ቀጥሎ ጉልበቷን አከለ።

ወለላ አሰበች። ባቄላውን ማንም አልጎተተውም፤ ማንም ዛፍ ላይ አላንጠለጠለውም። ዝም ብሎ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ዝናብ ይመታዋል።

ስለዚህ ጫማዋን አወለቀች። ከባቄላው አጠገብ እግሯን ጭቃ ውስጥ ቀበረች፤ እጇንም ወደ ሰማይ አነሣች። ጣ! ጣ! ጣ!

እናቷ በመስኮት ብታይ፣ ልጇ ከባቄላው ጋር በቅላለች። ወጥታ ከነጭቃዋ ተሸክማ አስገባቻት።

ሐጢሽ! ሐጢሽ! ሐጢሽ! ወለላ ሦስት ቀን ጋቢ ለብሳ ተኛች። እናቷ ትኩስ የአጃ ሾርባ እያጠጣቻት ሌሊቱን ግንባሯን ስትዳስስ አደረች።

ከዚያ ወዲህ እናቷ ብርድን ፈራች። የሱፍ ክር ገዝታ ሹራብ መሥራት ጀመረች፤ አንዱን ስትጨርስ ሌላ ጀመረች።

ሐምሌ መጣ። እንዴት ያለ ሐምሌ ነበር!

ፀሐይ ብቅ ስትል እናታቸው ልብስ ታሰጣለች። ደመናው ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይሮጣል። ሙላት ሸሚዞቹን፣ እናቱ አንሶላዎቹን፣ ወለላ ደግሞ ካልሲዎቹን ይዛ እየተጋፉ ይገባሉ።

ፍሙ ውስጥ ድንች ይቀበራል። ሲበስል ከእጅ እጅ እያገላበጡ፣ ኡፍ ኡፍ እያሉ ይበሉታል።

አንድ ቀን ከዶሮዋ ጎጆ ጺው! ጺው! የሚል ድምፅ ተሰማ። ወለላ ሮጣ ብታይ፣ ዕንቁላሎቹ በእግራቸው ይሄዳሉ።

ሌሊት ብርዱ ሲበረታ ወለላና ሙላት በአንድ ብርድ ልብስ ይተኛሉ። እናታቸው መሐል ገብታ ተረት ትነግራቸዋለች፤ ዝናቡ ሲጮህ ጆሯቸው ላይ ተጠግታ ታወራለች።

እንደዚያ ያለ ክረምት በሰው ዕድሜ አንዴ ነው የሚመጣው። ሲያልፍም ማንም አያየውም፤ ያሳዝናል።

ወለላም መለካቱን ረሳችው። አባቷ ሲጠይቃት ብቻ ትዝ ይላታል፤ ያን ጊዜም ጨዋታ ስላለባት በቅጡ ሳትሞክር ትሮጣለች።

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው መዝገቡ ተከፈተ። ጠዋቱ ጉም ነበር፤ ነፋሱም ይቆነጥጣል።

እናቷ ወለላን አለበሰቻት። መጀመሪያ ቀሚስ፤ በቀሚሱ ላይ ሹራብ። በሹራቡ ላይ ሌላ ሹራብ። በመጨረሻም አናቱ ላይ ሎሚ የሚያህል ድብልብል ክር ያለበት ወፍራም ኮፍያ።

ወለላ ድንች የሞላበት ጆንያ መሰለች። ክንዶቿ ወደ ጎን ተገትረው አልታጠፍ አሉ፤ እንደ ምንም እየተንከባለለች ከእናቷ ጋር ደረሰች።

ልጆች ተሰልፈዋል። አንድ ልጅ ጆሮውን ነካ፤ ጋሽ ሽብሩ «ደርሷል» አሉ። አንዲት ልጅ ጆሮዋን ነካች፤ «ደርሳለች» አሉ።

የወለላ ተራ ሆነ። ልቧ ድው! ድው! አለ።

«እጄ ውጣ» አለች፤ ሹራቡ ያዘው። «እጄ ውረድ» አለች፤ ኮፍያው ላይ ቆመ። «ጆሮዬን ንካ» አለች።

ግን ትንሽ ቀረ።

ጋሽ ሽብሩ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ። እሳቸውም አዝነዋል። «እንግዲህ ለከርሞ ነው፣ ወይዘሮ አየለች» አሉ ለእናቷ።

እውነቱን እንናገር። የወለላ እናት ልብ በዚያች ደቂቃ ደስ አለው። አንድ ዓመት ሙሉ ልጇ አጠገቧ ልትሆን ነው፤ ቤቱም ባዶ አይሆንም።

ከዚያ ቀና ብላ ልጇን አየቻት። ወለላ አላለቀሰችም። ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች፤ እንባዋ ግን ዓይኖቿን ሞልቷል።

እናቷ ኮፍያውን አየች፤ ሹራቦቹንም አየች። ሁሉንም በገዛ እጇ የሠራቻቸው ናቸው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር።

«ጋሽ ሽብሩ፣ አንዴ ይጠብቁኝ» አለች። «ልጄ ደርሳለች። እኔ ነኝ የሸፈንኳት።»

ተንበርክካ ኮፍያውን አወለቀችላት። አንደኛውን ሹራብ አወለቀችላት። ሁለተኛውንም ሹራብ አወለቀችላት።

«በይ እንግዲህ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «ሞክሪ።»

«እጄ ውጣ።» እጇ ወጣ።

«እጄ ውረድ።» እጇ ወረደ።

«ጆሮዬን ንካ።» ነካው! መንካት ብቻ ሳይሆን ያዘው፤ ጎተተው፤ አልለቅም አለ።

«ደርሳለች» አሉ ጋሽ ሽብሩ። ትልቁ መዝገብ ላይ ስሟን በቀለም ጻፉ፤ ወለላም ቀለሙ እስኪደርቅ ቆማ አየችው።

አባቷ ከሥራ ሲገባ ጠየቃት። «ዛሬስ ጆሮሽ ተገኘ?»

ወለላ እጇን በራሷ ላይ አዙራ ጆሮዋን እንደያዘች ቤቱን ዞረች። ሙላትም ከኋላዋ የራሱን ጆሮ ይዞ ተከተላት።

አባቷ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ወገቧንና ትከሻዋን ለካ። ዩኒፎርሙን ግን ትንሽ አስፍቼ እሰፋዋለሁ አለ፤ ገና ታድጋለችና።

መኝታ ሰዓት ሆነ። እናቷ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ አለበሰቻት።

ወለላ ጣሪያውን ታያለች። ቀኑን ሙሉ ያላሰበችው ነገር አሁን ገና መጣባት።

«እማዬ» አለች። «እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ አንቺ ምን ትሆኛለሽ?»

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ትንሽ ይከፋኛል» አለቻት። «ስትመጪ ደግሞ ይለቀኛል።»

ወለላ ብድግ ብላ እናቷን ወገቧ ላይ ተጠመጠመችባት። ሌላ ጊዜ ስታቅፋት እጆቿ ከእናቷ ጀርባ ሳይገናኙ ይቀሩ ነበር። ዛሬ ግን ዞረው ተገናኙ።

እናቷም መገናኘታቸውን አወቀች። ወለላ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ እንደ ታቀፈቻት ቆየች።