መጀመሪያ የሚሄደው ሰው

መጀመሪያ የተሰማው ድምፅዋ ነው። የደብረ ብርሃን ጉም ከትምህርት ቤቱ አጥር እስከ ክፍሎቹ በር ሞልቶ፣ ሰው የገዛ እጁን በማያይበት የኅዳር ጠዋት፣ አንዲት ልጅ ጮክ ብላ «ክቡር ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ ዳኞች» ትላለች። ታቆምና ትስላለች። ደግሞ ከመጀመሪያው «ክቡር ሰብሳቢ...»

ዘርአ ዳዊት ብቻውን መሄድ የሚወድ፣ ከሰው ይልቅ ከሐሳቡ ጋራ የሚያወራ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ያን ዕለት ምን እንደነካው እንጃ፣ ከጉሙ ውስጥ መለሰላት።

«ሰብሳቢው ገና አልመጣም።»

ድምፅዋ ጠፋ። ቀጥሎ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ልጅ ፊቱ ብቅ አለች። የሚታዩት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ተቆጥተዋል።

«ተደብቆ ሰው ማዳመጥ ነውር አይደለም?»

«መች ተደበቅሁ? ጉሙ ነው የደበቀኝ።»

ሳቋን ዋጥ አደረገችው።

ለተጊዮርጊስ ትባላለች። እናቷን አንኮበር ትታ፣ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። ባለፈው ክረምት ሰው ጨረቃን ረገጠ ተብሎ በሬዲዮ ተነግሮ ነበርና፣ የክርክር ክበቡ የመረጠው ርእስ «ሰው እንደ ማርስ ባለ ሌላ ፕላኔት ላይ ሄዶ ለመስፈር ገንዘብና ጉልበት ማፍሰሱ ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚል ነው። እሷ «አይገባም» ባይ ሆናለች። «ይገባል» ባዩ ዘርአ ዳዊት መሆኑን ስታውቅ ግን ሳቋን መዋጥ አቃታት።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት በኋላ አብረው እየሄዱ ይከራከራሉ። ጓደኞቹ «የማርስ ባላባት» የሚል ስም አወጡለት፤ ስንት ጋሻ መሬት እንደደረሰው እየጠየቁ ያሾፉበታል። እሷም አልማረችውም።

«ጭሰኛ ከፈለግህ እኔን አትቁጠረኝ» አለችው አንድ ቀን።

«እኔ የቤት እመቤት እንጂ ጭሰኛ መች ፈለግሁ?»

ከአፉ ያመለጠው ነገር ሁለቱንም አስደነገጣቸው።

በማግሥቱ የበሬሳ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆመው ሁሉንም ነገራት። አጎቱ ገብረ ሕይወት አዋሽ ቆላ አዲስ በተከፈተ የጥጥ እርሻ የጽሕፈት ሥራ አግኝቶለታል። ትምህርቱን እንደጨረሰ ይወርዳል፤ ቤትም ይሰጡታል። እሺ ካለችው ሽማግሌ ወደ እናቷ ይልካል።

ለተጊዮርጊስ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። ከዚያ ስለ አባቷ ስለ አቶ ወልደአረጋይ አወራችው። ወደዚያው ቆላ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ጋራ ወርዶ ነበር፤ ቤት ሠርቼ እወስዳችኋለሁ ብሎ። ንዳድ፣ የቆላው ወባ፣ ገደለው። የደረሳቸው መርዶው እንጂ አስከሬኑ አይደለም። አንኮበር ላይ ሆኖ ቆላውን ማየት ለሌላው ሰው ደስታ ነው፤ እናቷ ግን እስከ ዛሬ ፊቷን ወደዚያ አዙራ አትቀመጥም።

«ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም» አለችው። «መልሴን ከክርክሩ በኋላ እነግርሃለሁ።»

ዘርአ ዳዊት በተስፋ ተሞልቶ ተመለሰ። እንቢ አላለችም፤ ፈርታለች እንጂ። ፍርሃቷን የሚያስለቅቃት፣ የአባቷንም ሞት ክብር የሚያለብስላት ቃል ባገኝ አብራኝ ትወርዳለች አለ። በክርክሩም ቀን የሚናገረው ለዳኞቹ ሳይሆን ለእሷ እንዲሆን ቆረጠ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መጀመሪያ እሷ ተነሣች። ለመንኮራኩር የሚወጣው ገንዘብ ስንት አገር ንጹሕ ውኃ ያጠጣ እንደነበር ጠየቀች፤ ማርስ ላይስ ባላባትና ጭሰኛ ላለመኖሩ ማን ዋስ ይሆናል ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እሱ ሲነሣ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

«መጀመሪያ የሚሄደው ሰው ይሞት ይሆናል። እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ከአንኮበር ወደ ቆላ ወርዶ ንዳድ የገደለው። ዛሬ እሱ በወደቀበት መሬት ውኃ ተጠልፎ ጥጥ ይለቀማል፤ ስንት ቤተሰብ እንጀራ ይበላል። ያ ሰው በከንቱ ሞተ የሚል ማነው? ማርስም የምትለማው እንዲህ ነው።»

ጭብጨባው ጣራውን አንቀጠቀጠው። ከአንኮበር የመጡት ልጆች ግን የማን አባት እንደሆነ ገብቷቸው አላጨበጨቡም፤ ዞረው ለተጊዮርጊስን አዩአት። እሱም ያን ጊዜ አያት። ፊቷ አመድ መስሏል።

መልስ እንድትሰጥ ተጠርታ ቆመች።

«ያ ሰው ለሰው ልጅ ብሎ አልሄደም» አለች፤ ድምፅዋ ዝግ ብሏል። «ለእኛ ቤት ሊሠራ ነው የሄደው። ቤቱም አልተሠራም።»

ተቀመጠች። ዳኞቹ ለዘርአ ዳዊት ፈረዱ። ጓደኞቹ ተሸክመውት ሲወጡ እሷን በዓይኑ ቢፈልግ አጣት።

ያገኛት በማግሥቱ የአንኮበሩ ላንድሮቨር ሲጫን ነው። ለገና ዕረፍት የሚሄዱት ተማሪዎች አንዳንድ ዘንቢል ይዘዋል፤ እሷ ግን ሣጥኗንም መኝታዋንም አስጭናለች። ያን ሲያይ እንደማትመለስ ገባው። ይቅርታ ለመናት። አባትሽን ላከብር ብዬ ነው አላት። ቆላውም ሥራውም ይቅርብኝ፣ ደብረ ብርሃንም ሆነ አንኮበር፣ ካለሽበት እኖራለሁ አላት። ሳታቋርጠው እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«የወባ ኪኒን በየሳምንቱ ዋጥ» አለችው። «እንዳትረሳ።»

«አልሄድም እኮ አልኩሽ...»

«ውኃውንም አፍልተህ ጠጣ።»

የኮቱን ኮሌታ አቃናችለት። እጇ ደረቱ ላይ ጥቂት ቆየ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

«ለተ፣ መልሱስ?»

ነጠላዋን አጣፍታ ተሳፈረች። በሩ ተዘጋ፤ መኪናው በአንኮበር መንገድ ታጠፈ።