ቀኑ ያልደረሰው ዘፈን

የጊታር መምህሩ መሣሪያቸውን እንዳቀፉ ወንበራቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ከፊት ለፊታቸው ባዶ የሻይ ብርጭቆና ባዶ የእንቅልፍ ክኒን ጠርሙስ ነበር። ጎረቤቱ ፍርድ ለመስጠት አፍታ አልፈጀበትም፤ ሽማግሌው የመርሳት በሽታ ይዟቸው ነበርና ተስፋ ቆርጠው ራሳቸውን አጠፉ ተባለ፣ አለቀ።

ልጃቸው ግን በጄ አላለችም። «አባዬ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም» አለች በሩ ላይ ቆማ። «ራሱን አጠፋ ብላችሁ ከጻፋችሁ ወረቀቱን እቀድደዋለሁ።»

ጉዳዩን የያዘችው የፖሊስ መርማሪ ወረቀት እቀድዳለሁ የሚል ሰው ደስ ይላታል። አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ክፍሉን መመርመር ጀመረች። ጠረጴዛው ላይ አምስት ክፍል ያለው የእንጨት ሣጥን አየች፤ በየክፍሉ ካርዶች ተደርድረዋል፣ በየካርዱ የአንድ ዘፈን ስም ተጽፏል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

የምታስታምማቸው ነርስ መለሰች። «የጋሼ ዘፈን ማስታወሻ ነው። ሳይሳሳቱ ከተጫወቱት ካርዱ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ እያለ እስከ ወር ይርቃል። ከረሱት ቀይ ነጥብ ያደርጉበትና ወደ መጀመሪያው ክፍል ይመልሱታል፤ በማግስቱ እንደገና ነው። ቀጣዩን ቀን ሁልጊዜ ከምልክቱ ጎን ይጽፋሉ። ቀኑ ያልደረሰ ዘፈን ይንኩ ቢባሉ ሞቼ እገኛለሁ ነው የሚሉት።» ያለችው ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች።

«ዛሬ ስንት ዘፈን ደረሳቸው?»

«አራት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስወጣ አንደኛውን ጀምረው ነበር። ያኔ ጠርሙሱ ሙሉ ነበር።»

የመምህሩ የድሮ ባልደረባ፣ ፎቶው በየግድግዳው የተለጠፈው ዘፋኝ፣ ሶፋው ላይ መሐረብ ይዞ ተቀምጧል።

«ሦስት ሰዓት ላይ ልጠይቀው መጣሁ» አለ። «"ድልድዩ" የሚለውን ዘፈኔን ሊጫወት ሞከረ። ሦስት ጊዜ ጀመረ፣ ሦስቴም ጠፋበት። አለቀሰ። ምነው ጥዬው ባልሄድኩ።»

«ዘፈኑ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው፤ አገር ያውቀዋል።»

«ውሸት» አለች ልጅቱ። «የአባዬ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ቅዳሜ፣ የከተማው አዳራሽ ውስጥ ተጫውቶት የእሱ መሆኑን ለሕዝቡ ሊናገር ነበር።»

መርማሪዋ የ«ድልድዩ»ን ካርድ ፈለገች። መጀመሪያው ክፍል ውስጥ ቀይ ነጥብ ተደርጎበት አገኘችው። ዘፋኙ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። እሷ ግን ሣጥኑ ላይ በክር የታሰረውን ቀይ እስክሪብቶ አንሥታ መዳፏ ላይ ሞከረችው፤ መዳፏ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ልጅቱን፣ ነርሷንና ዘፋኙን በጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ዛሬ የደረሱት አራቱም ዘፈኖች የትክክል ምልክት አላቸው። ጎናቸው የሚቀጥለው ወር ቀን ተጽፏል። ራሱን ሊያጠፋ የተነሣ ሰው ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አይዝም። ክኒኑን ሻያቸው ውስጥ የጨመረው ሌላ ሰው ነው።»

የ«ድልድዩ»ን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«"ድልድዩ" ካርዱ ላይ በተጻፈው መሠረት ቀኑ እስኪደርስ ገና አሥራ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል፤ የአዳራሹ ቅዳሜ ማለት ነው፤ ጋሼ ዛሬ አይነኩትም። ከቀዩ ነጥብ ጎንም የነገ ቀን አልተጻፈም። ነርሷና ልጅቱ ይህን ሕግ እንደ ስማቸው ያውቁታል፤ ቢያስመስሉ ኖሮ ቀኑን አይዘነጉትም። ያደረገው ሕጉን በግማሽ የሚያውቅ ሰው ነው። ሲስተር፣ ዘፈን ከረሱ ስንት ጊዜ ሆናቸው?»

«ሁለት ወር አለፋቸው። የኔን ስም ይረሳሉ፤ ዘፈን ግን በጭራሽ።»

«ለዚህ ነው ቀይ እስክሪብቶአቸው የደረቀው።» ወደ ዘፋኙ ዞረች። «ለአድናቂ የሚፈርሙበትን እስክሪብቶ ከኪስዎ ያውጡልኝ።»

እስክሪብቶው ቀይ ነበር። ዘፋኙ ቀና አለ። «ቢሆንስ? ዘፈኑ የእሱ መሆኑን የሚያረጋግጠው ሰው ሞቷል።»

ልጅቱ ከቦርሳዋ ትንሽ የእንጨት ሣጥን አወጣች። አምስት ክፍል አለው። «በሽታው አንድ ቀን እንደሚያሸንፈው አባዬ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሁለት ሣጥን አሠራ፤ አንዱ የኔ ነው።» ካርድ መዘዘች። «የኔ ቀን ዛሬ ነው።»

የአባቷን ጊታር አንሥታ «ድልድዩ»ን ከመጀመሪያው ጀመረች። እንባዋ እንጨቱ ላይ ይወርዳል፤ ጣቶቿ ግን አልተሳሳቱም። ዘፋኙ በካሴቱ ላይ ያልቀዳው፣ ሰምቶትም የማያውቀው ሦስተኛ አንጓ ሲመጣ፣ ሰውየው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ስትጨርስ ካርዱ ላይ ምልክት አደረገች፤ ከጎኑም የሚቀጥለውን ወር ቀን ጽፋ የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ከተተችው።

«በዚያ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ግን ቀኑ ሳይደርስ እጫወተዋለሁ» አለች። «አባዬ ከፈለገ ይቆጣኝ።»