የሚተካ እስኪመጣ

ውብሪስት በየጠዋቱ የምትሠራው ሥራ አንድ ነው። ነጩን ጋዋን ትለብሳለች፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ትከፍታለች፤ ፋሻውን፣ ጎዙን፣ ፕላስተሩን፣ አዮዲኑንና መቀሱን በጣቷ እየነካካች መኖራቸውን ታረጋግጣለች። ከዚያ ክዳኑን ገጥማ ወንበሯ ላይ ቁጭ ትላለች። ሕጉ አሠሪው የተሟላ ሣጥን በቅርብ እንዲያኖር፣ የሠለጠነም ሰው እንዲመድብ ያዛል፤ ከዱከም ወጣ ብሎ ያለው ይህ የኬሻ ፋብሪካ ደግሞ አንዱንም አላጎደለም። በነርስነት ተመርቃ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ለተቀመጠች፣ የወንድሟ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፋ ለምትተኛ ሴት ይህ አሰልቺ ቀን ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። የሙከራ ጊዜዋ አልቆ ቋሚ ከሆነች ቤት ትከራያለች። ካልሆነች ፍራሹ ይጠብቃታል፤ የወንድሟ ሚስትም ይህንን ምንም ሳትናገር በየማታው ታስታውሳታለች።

ከወንበሯ ጀርባ አንድ በር አለ። ከበሩ ወዲያ ቀኑን ሙሉ የማያቋርጥ፣ እርጥብ ጆንያ በጡጫ ሲደቃ የሚመስል የታፈነ ምት ይሰማል። ኮምፕረሰር ነው ብለዋታል። የሽመና ማሽኖቹ ጩኸት ስለሚውጠው ብዙም አላስቸገራትም፤ ያስቸገራት ሽታው ነበር። በበሩ ስንጥቅ የሚወጣው አየር የማሽን ዘይት ሳይሆን የላብ፣ የአዮዲንና ለብዙ ጊዜ ያልተነሳ አልጋ ሽታ ነበረው።

ሌላው ግራ ያጋባት ነገር ሕመምተኛ አለመምጣቱ ነው። በዚያ ሁሉ ብረትና ቀበቶ መካከል የሚሠሩት ሴቶች ጣታቸው ሲቆረጥ የኬሻ ቁራጭ ጠምጥመውበት ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ዘነቡ የምትባለውን ሸማኔ ደሟ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ አገኘቻትና ነይ ቁስልሽን በፋሻ ልሰርልሽ አለቻት። ዘነቡ እጇን ከጀርባዋ ደብቃ ሳቀች።

«ተዪኝ እህቴ፤ እኔ ማታ ማታ ቤቴ የምገባ ሰው ነኝ።»

አጠገቧ ያሉት ሴቶች ግን አልሳቁም። ሁሉም አቀርቅረው ክራቸውን ማየት ያዙ።

አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ማሽኖቹ እያቃሰቱ ተራ በተራ ቆሙ፤ መስኮቶቹን የሸፈነው የቃጫ ብናኝ ብርሃኑን አጥቁሮት አዳራሹ እንደ ጉድጓድ ጨለመ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም እውነተኛ ጸጥታ ሆነ። ኮምፕረሰሩ ግን አልቆመም። ውብሪስት ጆሮዋን በሩ ላይ አስጠግታ አዳመጠች። ከምቱ ጋር የደከመ የሰው ድምፅ ይቆጥራል። ፍጥነቱን አወቀችው፤ ኮሌጅ ሳለች የፕላስቲክ አሻንጉሊት ደረት ላይ የቆመ ልብ ለመመለስ ክንዷ እስኪዝል የተለማመደችው ነው።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ስትጠይቃቸው አልካዱም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። በሩን የሚከፍቱላትም ራሳቸው ሆኑ፤ እየሄዱም ሕጉ አንድ የሠለጠነ ሰው ሲጠይቅ ፋብሪካው ሁለት መቅጠሩን፣ ይህ ግቢ ከተመሠረተ ጀምሮ አንድም ሠራተኛ ሞቶ እንደማያውቅ ነገሯት። «ሁለተኛው፣ ጋሽ ደምሰው፣ ደክሟቸዋል» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ደግሞ ቋሚ መሆን ትፈልጊያለሽ። ትንሽ ተቀበያቸው።»

ክፍሉ ጠባብና መስኮት የለሽ ነበር። ክንዳቸው እንደ ግንድ የወፈረ፣ ፊታቸው ግን የከሳ ሽማግሌ ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ በአንሶላ የተሸፈነ ሰው ደረት ላይ መዳፋቸውን ደራርበው ይጫናሉ። ከአንሶላው ጫፍ የወጣው እጅጌ ያረጀ ሰማያዊ ነው፤ የፋብሪካው ቱታ ግን እሷ የምታውቀው ቡናማ ብቻ ነበር። አንሶላው መዳፋቸው ያረፈበት ቦታ ላይ ጎድጉዶ የእጃቸውን ቅርጽ ይዟል።

«ይተነፍሳል?» አለች።

«አላየሁም ልጄ። ለማየት ማቆም አለብኝ።» ቀና ሳይሉ ጥቂት ቆጠሩ። «ትምህርት ቤት ምን ብለው አስተማሩሽ?»

«ከተጀመረ፣ የሚተካ እስኪመጣ ማቆም የለም።»

«ጎበዝ።»

ውብሪስት አላዘነችም፤ ተናደደች። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል፤ ይህን ለማወቅ ነርስ መሆንም አያስፈልግም። አንዴ ተቀብላ፣ የልብ ምቱን ፈትሻ ሞቷል ልትልና ነገሩን ልትቋጭ ወሰነች። ተንበርክካ እጇን ዘረጋች። ሽማግሌው መዳፏ በመዳፋቸው ላይ አርፎ፣ ድምጿ ከቆጠራቸው ጋር እስኪገጥም አልለቀቁም። ከዚያ እጃቸውን ከሥር ሳብ አድርገው አወጡና ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየሩን በረዥሙ ሳቡት።

«ለአፍታ እንኳ እንዳታነሺ» አሏት። ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ፤ በሩ ተዘጋ።

ልትፈትሽ ነበር፤ ግን አንድ ዙር ልጨርስ አለች፤ ከዚያ ሌላ። ከእጆቿ ሥር ያለው ነገር ቀዝቃዛ ነበር፤ ከአጥንት ይልቅ እንደ ራሰ ኬሻ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ወገቧ ነደደ፤ ከዚያ ደነዘዘ። በበሩ ሥር የሚገባው ብርሃን ቢጫ ሆነ፣ ጠቆረ፣ እንደገና ነጣ፤ አልራባትም፣ አልጠማትም፣ ደክሟት ብቻ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሩን ገርበብ አድርገው ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ነሽ አሏት፤ እንኳን ደስ ያለሽም አሏት። ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከውጭ የማታውቀው የወንድ ድምፅ ሰማች። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ነው። ሣጥኑ ሲከፈት፣ ፋሻው ሲነካካ ሰማች። የሠለጠነ ሰው አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አዎ አለች፣ ሥራ ላይ ናት ተባለ። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን የሚቀጥለው ቁጥር ነበር። ሰውየው ይህ ፋብሪካ ለሌላውም አርአያ መሆን አለበት ብሎ አመስግኖ ሄደ።

ያን ጊዜ ውብሪስት በቃኝ አለች። ይሄ ሬሳ ነው፤ እሷም ነርስ ናት፤ ሬሳ ደግሞ ቤቷ እንዳትገባ ሊከለክላት አይችልም። ቁጥሩን ከመሀል አቋርጣ ሁለት እጆቿን አነሳች።

ከአንሶላው ሥር ያለው ደረት ያለማንም እርዳታ በዝግታ ከፍ አለ፣ በዝግታም ዝቅ አለ፤ እሷ ግን አፏን ከፍታ አየሩን ለመሳብ ብትታገል፣ ደረቷ ለመነሳት የሰው እጅ ይጠብቅ ነበር።