አይሸትም

ቤንዚኑ በክንዷ ላይ ወርዶ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። ልጅቷ አልጠረገችውም። አጎቷ ጋራዥ ውስጥ ከተከፈተ የመኪና ኮፈን ስር ጎንበስ ብላ ካርቡሬተሩ በጎኑ ሲያንጠባጥብ እያየች ነበር። በሰው መኪና ብልሽት ደስ ሲላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

የመኪናዋ ባለቤት የሽቶ አባት ናቸው። ሽቶን ሽቶ ብላ የሰየመቻት ልጅቷ ራሷ ነች፤ ክፍል ውስጥ አጠገቧ ትቀመጥ የነበረችው ጓደኛዋ ገና በር ላይ ሳለች ሽታዋ ስለሚቀድማት። ያኔ ሁለቱም በስሙ ይስቁ ነበር። አሁን ልጅቷ ስሙን የምታነሳው በልቧ ብቻ ነው፤ ያውም ጥርሷን ነክሳ።

በፈተናው ሳምንት ሽቶ «ወረቀትሽን ትንሽ ዘንበል አርጊልኝ» አለቻት። እምቢ አለች። በማግስቱ ሽቶ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ከእሷ ጋር መቀመጥ አልቻልኩም። የቤንዚን ሽታዋ ራሴን እያመመኝ ነው» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ውሸት ነበር። ልጅቷ በዚያ ሳምንት ስታጠና ነው የከረመችው፤ የአጎቷን ጋራዥ ደጃፍ እንኳ አልረገጠችም። ግን ማን ይስማት? ከዚያ ወዲህ ስሟ «ቤንዚን» ሆኖ ቀረ። ስትገባ «ክብሪት እንዳትጭሩ» የሚል አይጠፋም። እሷ ኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ፣ በድሮ ቦታዋ ላይ የሽቶ ቦርሳ ተንደላቆ ይውላል።

ዛሬ ጠዋት አባትየው ክሬም ቀለም ያላትን አሮጌ መኪናቸውን እያስነጠሰቻቸው ይዘዋት መጡ። ከልጆቻቸው እኩል የሚሳሱላት መኪና ነች። ነገ የሽቶ ታላቅ እህት ሙሽራ ሆና የምትሄደው በእሷ ነው። ሽቶ ኋላ ተቀምጣ ነበር። ልጅቷን ስታይ አልወረደችም፤ መስታወቱን ዘጋች።

«ይቺን ላንቺ ትቻታለሁ» አላት አጎቷ፣ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ። «ቤንዚን እያነቃት ነው። ተንሳፋፊዋን አውጪና ጆሮሽ ላይ ነቅንቂያት።»

አውጥታ ነቀነቀቻት። እንቁላል የምታህል፣ ውስጧ ባዶ የሆነ የነሐስ ዕቃ ነች። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋ መግቢያውን መዝጋት ነበረባት። አሁን ግን ውስጧ ፈሳሽ ይንቦጫቦጫል። የሆነ ቦታ ተበስታ ቤንዚን ጠጥታለች፤ ስለዚህ ትሰምጣለች፣ መግቢያው ክፍት ይቀራል፣ ቤንዚኑም ገንፍሎ ሞተሩን ያንቀዋል።

መድኃኒቱን ታውቃለች። ሌላም ነገር ታውቃለች። ቀዳዳዋን ሳትደፍን አንጠፍጥፋ ብቻ ብትመልሳት፣ መኪናዋ ዛሬ ምንም አትልም። ነገ በሰው መሃል ግን ተንሳፋፊዋ ቀስ በቀስ ትሞላለች። ሽቶ በአዲስ ቀሚሷ ቤንዚን እየሸተተች ከመኪናዋ ስትወርድ ታያት። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ሲይዝባት፣ አንዱ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጻት። እሰይ፣ ይበላት።

አንጠፍጥፋ መለሰቻት። ክዳኑን ገጥማ ብሎኖቹን አጠበቀች። ቁልፉን ስትጠመዝዝ ሞተሩ ሳያንገራግር ተነሳ።

«ጎሽ» አለ አጎቷ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ሲመጡ የአንቺ እጅ ነው የምለው። አፌን ሞልቼ።»

እንደዚያ ነው ልማዱ። መኪና ከጋራዡ ሲወጣ የሠራው ሰው መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል፤ አጎቷም ለባለቤቱ «የእሱ እጅ ነው» ይላል። ሌላ ማረጋገጫ ሰጥቶ አያውቅም።

አጎቷ ወደ ሌላ ሥራው ሲዞር ልጅቷ ሞተሩን አጥፍታ ቆመች። የእሷ እጅ። ነገ መኪናዋ ስትሸት ሰው «ማን ነክቷት ነው?» ይላል። ሽቶም መልሱ አይጠፋትም፤ «ቤንዚን ነክታት ነው» ትላለች። ክፍሉ እንደገና ይስቃል። ያን ጊዜ ደግሞ ውሸት አይሆንም።

የጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ምን እንደሚያደርግም አጎቷ የክንዱን የቃጠሎ ጠባሳ እያሳየ ነግሯታል። ሙሽራይቱ ደግሞ ምን በደለቻት? ልጅቷ ትንሽ ሳለች ጸጉሯን የምትሠራላት እሷ ነበረች።

«ደደብ» አለች ለራሷ፣ ካቻቢቴውን መልሳ እያነሳች።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቃ ተንሳፋፊዋን አወጣችና ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረቻት። ከመገጣጠሚያዋ ቀጫጭን አረፋ ተግተለተለ። ቀዳዳዋ ተገኘች። ቤንዚኑ ወጥቶ እስኪደርቅ ታገሰች፣ ቀዳዳዋን በቀለጠ ሊድ በየደቻት፣ መልሳ ነከረቻት። አረፋ የለም። ጆሮዋ ላይ ነቀነቀቻት። ዝም። ከዚያ ሞተሩን በብሩሽና በሳሙና አጥባ እንደ ፖሊስ ውሻ ጥግ ጥጉን አሸተተች። ደግ ልሁን ብላ አልነበረም። ቂሟ እንዳለ ነው፤ መንገዱን ብቻ ነው የቀየረችው።

ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ መጡ።

«የእሷ እጅ ነው» አለ አጎቷ።

«ተባረኪ የኔ ልጅ» አሉ አባትየው።

ልጅቷ መዳፏን አላሳረፈችም። «አባባ፣ አንድ ነገር ቀርቷል። ቤንዚን የምትሸት ከሆነ አትወጣም። የእኔ አፍንጫ ለምዶታል፣ አይታመንም። ልጅዎን ግን ትንሽ ሽታ ራሷን ያማታል። እሷ ታሽትትልን።»

አባትየው ሳቁ። «ይሄስ እውነት ነው። ነይ እስቲ፣ ለእህትሽ ነው።»

ሽቶ ለሠርጉ የተሠራ ጸጉሯን በሁለት እጇ ይዛ ኮፈኑ ስር ጎንበስ አለች።

«ጠጋ በይ» አለች ልጅቷ።

ጠጋ አለች።

«እህ?»

«አይሸትም» አለች ሽቶ፣ ለካርቡሬተሩ።

«አልተሰማም። አጎቴ ጆሮው ትንሽ ከበድ ይላል።»

አጎቷ ቅንድቡን አነሳ፤ ጆሮው ምንም አልሆነም። ሽቶ ቀና አለች። ፊቷ በርበሬ መስሏል። «አይሸትም!» አለች ጮክ ብላ። ከዚያ አባቷ እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን ቀንም አይሸትም ነበር» አለች።

ልጅቷ ይቅር አላለቻትም። ኮፈኑን ዘጋችና መዳፏን ለረጅም ጊዜ አሳረፈችበት።

«ሰኞ» አለቻት፣ «ቦርሳሽን ከወንበሬ ላይ አንሺ።»