የዊልፍ አሥራ ስድስት

የዊልፍን ሬሳ ከበረዶው ናዳ ሥር ቆፍረው ሲያወጡት ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ገና ይሠራ ነበር። ስክሪኑ ላይ ቁልቁለቱ አረንጓዴ ነው፤ ሂድ፣ ሰላም ነው ማለት ነው። የተራራ ጥበቃ ጣቢያው ውስጥ ግን ያው የናዳ ማስጠንቀቂያ ፕሮግራም ያንኑ ቁልቁለት ቀይ አድርጎ ያሳያል። ዕድሜውን ሙሉ ተራራውን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ላይ ምን ዓይነት ጉድ ነው የወረደው!

መርማሪ ኦዴት ጣቢያው ስትደርስ ፍርዱ ተፈርዶ ጠበቃት።

«ይቺ ናት!» አለ የጣቢያው ኃላፊ ብሬንት፣ ጣቱን የፕሮግራሙ ባለሙያ ማሪት ላይ ቀስሮ። «የጋራውን ፕሮግራም ሁሉም እንደ ልቡ እንዲያስተካክል፣ ለእያንዳንዱ የግል ፋይል የፈቀደች እሷ ናት። ይኸው ሽማግሌው የራሱን አበላሽቶ ሞተ። ወይ ራሷ አበላሽታበታለች!»

የማሪት ዓይን በለቅሶ አብጧል፤ አንገቷን ግን አልደፋችም። «አዎ፣ እኔ ነኝ የፈቀድኩት። ዛሬም እፈቅዳለሁ። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ!»

ኦዴት ድፍረቷን ወደደችው። መውደድ ሌላ፣ ማመን ሌላ።

«የሌላውን ሰው ፋይል መንካት የሚችል ማን ነው?»

«እኔና አቶ ብሬንት ብቻ።»

«እኔማ የራሴንም በቅጡ አልከፍትም» አለ ኪራን፣ የበረዶ ሸርተቴው ሥራ አስኪያጅ። ቁልቁለቱ ይከፈትልኝ እያለ ሲጨቀጭቅ የሰነበተ እሱ ነው።

ኦዴት የዊልፍን ፋይል አስከፈተች። «የአደጋ ወሰን፦ 40» ይላል። አዲሱ በረዶ ከዚህ ካለፈ ቀይ፣ ካነሰ አረንጓዴ። የኪራንም 40። የማሪትም 40።

«ያንቺ ድሮም አርባ ነበር?»

ማሪት ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። «ሠላሳ አምስት ነበር። እኔ ፈሪ ነኝ። ማን ነው የነካብኝ?»

ኦዴት ሦስቱንም ምድጃው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ዊልፍን ሊገድል ያሰበ ሰው የሁላችሁንም ፋይል ለምን ይነካል? ይህ ሰው ሁሉንም አንድ ዓይነት ማድረግ ነው የፈለገው። የጋራው ቁጥር አርባ ነው፤ በሴንቲ ሜትር። ትናንት እሱን ወስዶ የየግሉ ፋይል ላይ ለጠፈው። ከዊልፍ ቁጥር በላይ ያለችውን መስመር ግን አላነበበም። ኪራን፣ እስቲ አንብባት።»

«መለኪያ፦ ኢንች» አለ ኪራን። «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ በሴንቲ አልለካም ይል ነበር፣ ሽማግሌው።»

«ሌሊት የወረደው ስልሳ ሴንቲ ነው፤ ሃያ አራት ኢንች። ከአርባ ሴንቲ ይበልጣል፣ እናንተ ዘንድ ቀይ። ከአርባ ኢንች ያንሳል፣ እሱ ዘንድ አረንጓዴ። ማሪት ይህን አትስተውም፤ የኢንቿን መስመር የጻፈችለት ራሷ ናት። አቶ ብሬንት፣ የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

«ሥርዓት ላስይዝ ብዬ ነው!» አለ ብሬንት፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ሁሉም በየራሱ ቁጥር እየሠራ...»

«ስህተትዎን ካወቁ በኋላስ? ለምን በልጅቷ ላይ አላከኩት?»



ማሪት ተነሣች። ከተቀጠረች ጀምሮ «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «ዊልፍን የገደለው የራሱ ቁጥር አይደለም፤ ያንተ ነው» አለችው። ከዚያ የሟቹን ፋይል ከፍታ አርባውን አጠፋችና በቦታው የዊልፍን የቀድሞ ቁጥር፣ አሥራ ስድስትን፣ መልሳ ጻፈች፤ የጋራው አርባ ሴንቲ በኢንች ሲለካ ያው አሥራ ስድስት ነው።

«በል አሁን ወንድ ከሆንክ ንካው!»

ብሬንት እጁን አላነሣም። ስክሪኑ ላይ፣ የዊልፍ ቁልቁለት ቀይ ሆነ።