ወንድሜ ገና ሰማይ ላይ ነበር

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከማያምኑት ወገን ነኝ፣ የመሪጌታ ልጅ ሆኜ እንኳ ስለ መንፈስ ሲወራ ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ እዚህ ላሊበላ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ ስለምሠራ የማምነው ሰዓት ነው፣ የትኛው እንግዳ ከየት ተነስቶ፣ ስንት ሰዓት በሮ፣ መቼ በራችን ላይ እንደሚቆም ወረቀት ሳላይ እነግራችኋለሁ፣ ተሳስቼም አላውቅ።

አባቴ በጠና ታመው ሲተኙ ጆሃንስበርግ ያለው ወንድሜ ደሳለኝ ቲኬት ቆረጠ። የቅኔ ትምህርቱን ጥሎ ከተሰደደ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ሲሄድ ከአባቴ ጋር ተኳርፈው ምርቃት እንኳ አልተቀበለም፣ አሁን የሚፈልገው ያንን ምርቃት ብቻ ነበር። "በሕይወት አገኛቸዋለሁ?" አለኝ በስልክ። አሰላሁለት፤ እስከ አዲስ አበባ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አምስት ሰዓት ተኩል በረራ፣ እዚያ አድሮ በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ወደ ላሊበላ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት በመኪና። "ትደርሳለህ" አልኩት፣ እርግጠኛ ሆኜ።

በእኛ ሰዓት ከቀኑ ስምንት ተኩል ላይ አውሮፕላኑ ተነሳ፣ ስልኩም ተዘጋ። አሥር ሰዓት ላይ ማድ ቤት ሆኜ ለአባቴ አጥሚት ሳማስል የመኝታ ክፍላቸው በር ሲገፋ ሰማሁ፣ ጎረቤት ነው ብዬ ማማሰሌን ቀጠልኩ። ቀጥሎ በርጩማ ወለሉ ላይ ተጎተተ፣ ቀጥሎ የአባቴ ድምፅ፣ ከመታመማቸው በፊት እንደነበረው ጠንከር ብሎ፣ "መጣህ? እጅህ እንዴት ይቀዘቅዛል" አሉ፣ ከዚያ ምርቃት ጀመሩ፣ ረጅሙን፣ ለልጅ የሚሰጠውን፣ በየመሐሉም አንድ ሰው ቀስ ብሎ "አሜን" ይላል። እመኑኝ፣ የደሳለኝ ድምፅ ነው።

ማማሰያውን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ክፍሉ ውስጥ ከአባቴ በቀር ማንም የለም፣ በርጩማው ግን አልጋው አጠገብ ተጠግቷል፣ የአባቴም ቀኝ እጅ የሰው ራስ ላይ እንዳረፈ ሆኖ አየር ላይ ቀርቷል። መውጫው አንድ ነው፣ እሱም በማድ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፣ ማንም አላለፈም። ሰዓቴን አየሁ፤ ወንድሜ አዲስ አበባ ሊያርፍ ገና አራት ሰዓት ይቀረዋል። ማታ ልክ ባልኩት ሰዓት ደወለ፣ አሁን ወረድኩ አለ።

በማግስቱ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬው ቤት ስንገባ እግራቸው ላይ ወደቀ። አባቴ እኔን በስሜ ጠሩኝ፣ የጎረቤቱን ጤና ጠየቁ፣ አእምሯቸው እንደ ወትሮው ነበር፣ እሱን ግን ትኩር ብለው አይተው፣

"እኒህ እንግዳ ማን ናቸው?" አሉኝ።

"ደሳለኝ ነው እኮ፣ አባባ።"

"ደሳለኝማ ትናንት መጥቶ መርቄው ሄደ። ለእንግዳው መቀመጫ ስጪ።"

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆዩ፣ በዘጠኙም ቀን ወንድሜ አጠባቸው፣ አጎረሳቸው፣ አልጋቸውን አነጠፈ፣ እሳቸውም "እግዜር ይስጥልኝ፣ እንግዳዬ" ከማለት አላለፉም፣ እንደዚያው እንዳሉ አረፉ።

ሊመለስ ሲል አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሻንጣውን አስቀምጦ፣ "ታዲያ የኔን ምርቃት ማን ወሰደው?" አለኝ።

አሁንም አልፎ አልፎ ይደውላል። እኔ ግን "ሄሎ" ሲል ወዲያው አልመልስም፣ ዝም ብዬ ድምፁን አዳምጣለሁ፣ የትኛው ደሳለኝ እንደሆነ እስካውቅ።