የጀርባ ቀለም

«አጥፊውና እንገላገል!» አለ ኮፒ፣ በምላጭ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ።

የቤት ሥራ በመገልበጥ የተካነ ስለሆነ ኮፒ ይሉታል። እሷ ደግሞ አይጠቅምም ያለችውን ሁሉ ቆርጣ ስለምትጥል ምላጭ ናት። የትምህርት ቤቱን የቤተ መጻሕፍት ዳታቤዝ እንዲያፈጥኑ የታዘዙት ሁለቱ ናቸው፤ ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ለእንግዶች ሊያሳዩት ነው።

ስክሪኑ ላይ «የጀርባ ቀለም» የሚል ዓምድ አለ። ከሁለት ሺህ በላይ መጻሕፍት፣ በእያንዳንዱ ትይዩ መደርደሪያ ላይ የሚታየው የጀርባው ቀለም ተጽፏል፦ የጡብ ቀለም፣ የቅጠል አረንጓዴ፣ የዝናብ ደመና...

«መጽሐፍን በቀለም የሚፈልግ ማን ነው? ሸሚዝ ሊገዛ ነው እንዴ?»

ምላጭ ሳቀች። የአጠቃቀም መዝገቡን ከፈተች። ዓመቱን ሙሉ ዓምዱን የተጠቀመው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማን እንደሆነ አላየችም።

«መጀመሪያ ቅጂ እናስቀምጥ ይሆን?»

«የቆሻሻ ቅጂ ማን ያስቀምጣል?» አለ ኮፒ። በዕድሜው አንዴ መገልበጥ የሚገባው ቀን ቢመጣ ሰነፈ።

አጠፋችው። ፕሮግራሙ እውነትም ፈጠነ።

በማግስቱ፣ ዓርብ በዕረፍት ሰዓት፣ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሳይንስ መጽሐፍ ጠየቀ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እትዬ ርዕሱን ጻፉና ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። አንድ ነገር ሲፈልጉ ቆዩ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄደው ጣታቸውን በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ እያንሸራተቱ አንዱን መዘዙ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የዶሮ እርባታ ነው!»

የነበሩት ሁሉ በሳቅ አውካኩ። እትዬም አብረው ሳቁ። «ታዲያ ዶሮ ሳይንስ አይደለችም?» አሉ፤ መጽሐፉን ግን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ርዕሱን ፈለጉ።

ምላጭ አልሳቀችም። ያ አንድ ሰው ማን እንደነበር ገባት።

ተማሪዎቹ ሲበታተኑ እትዬ በምልክት ጠሯት። «ልጄ፣ ያቺ ቀለሙን የምታሳየኝ የት ገባች? የመጽሐፍ ጀርባ ፊደል ደቃቅ ነው፤ ዓይኔ እምቢ ካለኝ ቆየ። ቀለም ግን አይጠፋኝም። የዓይኔ ድካም ሲጀምረኝ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ በአንድ እያየሁ የሞላሁት እኔው ነኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አደራ፣ ርዕሰ መምህሩ እንዳይሰሙ። ጡረታ ነው የሚያስወጡኝ። ሰኞ ደግሞ በእንግዶቹ ፊት መጽሐፍ አውጪ ይሉኛል።»

ኮፒ ከኋላ ጎሸም አደረጋት። «ቫይረስ በላው በያቸው» አለ በሹክሹክታ። «ማን ያውቃል?»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። «ቅጂም የለው።»

እትዬ አልተቆጡም። ቢቆጧት በተሻላት። መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መጥረጉ እንደማይረዳቸው ግን ያውቃሉ።

«ብትጠይቂኝ ኖሮ...» ብለው ተዉት።

ምላጭ አሰላች። በአንድ ዕረፍት አርባ ብትሞላ እንኳ ወራት ይፈጃል። እስከ ሰኞ ቢያንስ ብዙ ጊዜ የሚጠየቁትን ማድረስ ትችል ይሆናል። ደወሉ ሲደወል ኮፒ ወደ ክፍል ሄደ፤ እሷ ግን ላፕቶፑን ይዛ መጀመሪያው መደርደሪያ ሥር ተቀመጠች። አንድ መጽሐፍ መዘዘች። «አረንጓዴ» ብላ ልትጽፍ ስትል ጣቶቿ ቆሙ።

«እትዬ» አለች ቀና ብላ፣ መጽሐፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ። «ይቺን እርስዎ ምን ይሏታል?»